ከዳልቻ ጋር የተጠመደው ትራክተር

ጠጋ ጠጋ በሉ! ፈትል የያዘች ፈትሏን ይዛ ትስማ። የሚያንቀላፋ ካለ ግን ከአሁኑ ሄዶ ይተኛ፤ ይህ ተረት እየረዘመ የሚሄድ ነው፣ መሐል ላይ የጠፋብኝን ሰው ተመልሼ አልፈልግም።

መራዊን አለፍ ብሎ ካለ አንድ መንደር የዝባለም የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሲሞት የተወላት ጥቂት መሬትና ዳልቻ የሚባል አንድ በሬ ነበር። አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። ስለዚህ እንደሷው አንድ በሬ ካለው ጎረቤቷ ጋር መቀናጆ ነበረች፤ የሱና የሷ በሬ በአንድ ቀንበር ይጠመዱና እሱ የራሱንም የሷንም መሬት ያርሳል። ታዲያ ይሄ ጎረቤት ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በሬውን ሸጦ ባሕር ዳር ገባ! ዳልቻ ያለ ጥንድ፣ የዝባለም ያለ አራሽ ቀሩ።

ወሬውን የሰሙት አያ ቢተው፣ የሟች ባሏ አጎት፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ከተፍ አሉ።

"ልጄ፣ ከሰኔ ሚካኤል በፊት መሬትሽ ካልታረሰ ልጆቼ በእኩል ያርሱታል። ግማሹ ላንቺ፣ ግማሹ ለኔ። ሴት እርፍ አትይዝ! መሬት ጦሙን ሲያድር ደግሞ ዝም ብዬ አላይም።"

የዝባለም በእኩል የሰጡ ሴቶችን ታውቃለች፤ ዘንድሮ የሰጡትን መሬት ለከርሞ ለመቀበል ደጅ ሲጠኑ አይታለች። "እኔው ራሴ አርሰዋለሁ!" አለች። አያ ቢተው ስቀው ሄዱ።

እሷ ግን ከሰል አንስታ የቤቷን ግድግዳ ወረቀት አደረገችው። ጓሮ የቆመ የባሏ ስብርባሪ ባጃጅ አለ፤ ጎማው ከሱ። ከወደቀ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል የተፈታ ሞተር አለ፤ ጉልበቱ ከሱ። አራት የሶላር ባትሪ፣ አንድ ረጅም ካቴና፣ የባጃጁ መሪና ወንበር። ፍጥነት የሚሰጠውን እጀታ ደግሞ እርፉ ላይ ልታስረው፣ እያረሰች እንድትነዳው። ይሄ ሁሉ ጥሩ። ቀጥሎ ምን ሳለች? ከትራክተሩ አጠገብ ዳልቻን ሳለች! በሁለቱም አንገት ላይ ቀንበር ጫነችባቸው።

ስማቸው የሚባለው የመንደሩ በያጅ ሥዕሉን አይቶ ራሱን ያዘ። "እታለም፣ ትራክተር እኮ ብቻውን ነው የሚያርሰው!"

"ብቻውን? ብቻውን ያረሰ የት አለ? ጥንድ ካልሆነማ ምኑን እርሻ ሆነ!"

ከሷ ጋር ማን ይከራከራል። ስማቸው ቀንበር የሚገባበት የብረት አንገት በየደለትና ትራክተሩ የዳልቻ መቀናጆ ሆኖ ተሠራ። አገሬው ሆዱን ይዞ ሳቀ። የዝባለም ግን ማንንም ሳትሰማ እጀታውን ጠመዘዘችው። ዝም። አሁንም ጠመዘዘችው። ጭጭ።

"በባዶ ሆዴ አልሄድም" አለ ትራክተሩ። "ባትሪው ባዶ ነው።"

ባትሪ ካልሞላ ትራክተር አይሄድ፣ ትራክተር ካልሄደ መሬት አይታረስ፣ መሬት ካልታረሰ ግማሹ የአያ ቢተው!

ወደ ባትሪው ሄደች። "ባትሪ ሆይ፣ ሙላ እንጂ!"

"እኔ ከየት አምጥቼ ልሙላ?" አለ ባትሪው። "ሶላሩ መቼ አጎረሰኝ?"

ቀና ብላ ጣሪያው ላይ ያለውን ሶላር ጠየቀችው። "እኔስ ፀሐይ መቼ አየሁ?" አለ ሶላሩ። "ባልሽ እዚህ ሲሰካኝ ይሄ ከጎኔ ያለው ዋንዛ ችግኝ ነበር። አሁን ቅርንጫፉን እንደ ጃንጥላ ዘርግቶብኛል። እንዳትነቅይኝ ደግሞ ብሎኑ ዝጓል፣ እሰበራለሁ።"

ዋንዛ ካልተቆረጠ ሶላር ፀሐይ አያይ፣ ሶላር ፀሐይ ካላየ ባትሪ አይሞላ፣ ባትሪ ካልሞላ ትራክተር አይሄድ፣ ትራክተር ካልሄደ መሬት አይታረስ፣ መሬት ካልታረሰ ግማሹ የአያ ቢተው!

"ዋንዛ ሆይ፣ እባክህ አንድ ቅርንጫፍ!" አለችው።

"ቆራጭ ካለ ይምጣ" አለ ዋንዛው፣ ኩራቱ! መጥረቢያዋን አምጥታ አንዴ ብታሳርፍበት ቋ! ብሎ ነጠረ። ዋንዛው አልተጫረም።

"አትልፊ" አለ መጥረቢያው። "ዶልዱሜአለሁ። በያጁ ጋ ወስደሽ አስይኝ።"

መጥረቢያ ካልተሳለ ዋንዛ አይቆረጥ፣ ዋንዛ ካልተቆረጠ ሶላር ፀሐይ አያይ፣ ሶላር ፀሐይ ካላየ ባትሪ አይሞላ፣ ባትሪ ካልሞላ ትራክተር አይሄድ፣ ትራክተር ካልሄደ መሬት አይታረስ፣ መሬት ካልታረሰ ግማሹ የአያ ቢተው!

መጥረቢያዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ስማቸው ገሰገሰች። ስማቸው በተቆለፈው ሱቁ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፣ ፊቱ ሽምቅቅ ብሏል።

"ስማቸው፣ ይቺን ቶሎ ሳልልኝ!"

"በምኔ ልሳልልሽ እታለም? መሳያው ውስጥ ነው። ሚስቴ ፈንታዬ ኮርፋ እናቷ ቤት ገባች፤ የሱቁን ቁልፍም ይዛው ሄደች።"

"ምን አደረግሃት አንተ?"

ስማቸው መሬት መሬት አየ። "የትራክተርሽ አንገት ብረት ጎደለኝ። የአልጋችንን ራስጌ ቆረጥኩት።"

ወይ ጉድ! የሠርጓን አልጋ! የዝባለም እንደማፈርም አደረጋት፣ እንደመሳቅም አደረጋት።

ቁልፍ ካልመጣ መጥረቢያ አይሳል፣ መጥረቢያ ካልተሳለ ዋንዛ አይቆረጥ፣ ዋንዛ ካልተቆረጠ ሶላር ፀሐይ አያይ፣ ሶላር ፀሐይ ካላየ ባትሪ አይሞላ፣ ባትሪ ካልሞላ ትራክተር አይሄድ፣ ትራክተር ካልሄደ መሬት አይታረስ፣ መሬት ካልታረሰ ግማሹ የአያ ቢተው!

ወንዝ ማዶ ወዳለው የፈንታዬ እናት ቤት ሄደች። ፈንታዬ እጇን አጣምራ በር ላይ ቆማለች።

"ፈንቱዬ፣ እኔን አፈር ያርገኝ፣ ብረቱ ያንቺ አልጋ መሆኑን አላወቅኩም። ቁልፉን ስጪኝ፣ ቁልፉ ሱቅ ይክፈትልኝ፣ ሱቁ መጥረቢያዬን ይሳልልኝ፣ መጥረቢያው ዋንዛ ይቁረጥልኝ፣ ሶላሩ ፀሐይ ይይልኝ፣ ባትሪው ይሙላልኝ፣ ትራክተሩ ይሂድልኝ፣ መሬቴን ልረስ!"

"ካንቺ ጋር ምን ጠብ አለኝ እታለም" አለች ፈንታዬ። "እሱ ግን ቆርጦ ሲያበቃ 'ግርጌውስ አለልሽ አይደል?' ይለኛል! ሽማግሌ ልኮ ካላስታረቀኝ እኔም ቁልፌም ከዚህ ንቅንቅ አንልም። ሽማግሌውም ሌላ እንዳይሆን፤ ስንጋባ ዋስ የሆኑት አያ ቢተው ይምጡ።"

ከአገሩ ሽማግሌ ሁሉ አያ ቢተው!

እሺ፣ ሄደች። ምን ታድርግ? አያ ቢተው ደጃቸው ላይ ሰው ሰብስበው ይጫወታሉ። ጉዳዩን አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ሽማግሌው ጢማቸውን እየዳበሱ ሰሟት፤ ሰኔ ሚካኤል መድረሱንም አልረሱትም።

"ባልና ሚስት ማስታረቅማ እምቢ አልልም" አሉ ሰው እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። "እግሬ ነው እንጂ ልጄ! ወንዝ ማዶ አያደርሰኝም። ግን ያ ትራክተርሽ አለ አይደለም? እሱ ይውሰደኝ፣ እሄዳለሁ።"

ሰዉ ሳቀ። እንግዲህ ትንፋሼን ልሳብና ስሙኝ፦ ትራክተር ካልሄደ ሽማግሌ አይሄድ፣ ሽማግሌ ካልሄደ ፈንታዬ አትታረቅ፣ ፈንታዬ ካልታረቀች ቁልፍ አይመጣ፣ ቁልፍ ካልመጣ መጥረቢያ አይሳል፣ መጥረቢያ ካልተሳለ ዋንዛ አይቆረጥ፣ ዋንዛ ካልተቆረጠ ሶላር ፀሐይ አያይ፣ ሶላር ፀሐይ ካላየ ባትሪ አይሞላ፣ ባትሪ ካልሞላ ትራክተር አይሄድ! ዞሮ ዞሮ እዚያው። አያ ቢተው በነገር ጠፍረው አሰሯት።

የዝባለም እያለቀሰች ቤቷ ገባች። ጓሮ ዘወር ብላ ትራክተሩን በእርግጫ አለችው፣ እግሯን አመማት። ዳልቻ ሣሩን እያመነዠከ አያት፤ ከዚያ ቀስ ብሎ መጣና፣ እንደ ልማዱ ጥንዱ ከሚቆምበት ጎን ቆመ። አንገቱን ዝቅ አደረገ፤ ቀንበሩን ይጠብቃል።

የዝባለም እንባዋን ጠረገች። አየችው፤ ትራክተሩን አየች፤ የብረት አንገቱን አየች። "እሰይ!" ብላ ዘላ ተነሳች። ጎማው እንዳይዝ ካቴናውን ፈታች፣ ዳልቻን በቀኝ፣ ትራክተሩን በግራ ጠመደች፣ "ና በል!" አለች። ትራክተሩም ተንቀሳቀሰ!

"አያ ቢተው፣ ትራክተሬ መጥቷል፤ ይውጡ!"

"እንዴ! በበሬ እየተጎተተ?"

"ትራክተርሽ ይውሰደኝ አሉ እንጂ፣ ማን ይጎትተው አላሉም።"

አያ ቢተው ሰዉን አዩ። ሰዉ እሳቸውን ያያል። እሄዳለሁ ብለው በሸንጎ ተናግረዋል፤ አሁን ቢቀሩ የሽምግልና ክብራቸው ገደል ገባ። ምርኩዛቸውን አቅፈው ባጃጁ ወንበር ላይ ወጡ። ዳልቻ ወደ ቀኝ ይስባል፣ የዝባለም መሪውን ወደ ግራ ትጠመዝዛለች፣ ሽማግሌው መሐል ላይ ይንገላታሉ። ወንዙ ውስጥ ሲገቡማ "ኧረ ሚካኤል ድረስልኝ!" ብለው ጮኹ።

ፈንታዬ ከሩቅ አየቻቸው። ኩርፊያዋን አጥብቃ ለመያዝ ሞከረች፣ ከንፈሯን ነከሰች፣ አልሆነም፤ መሬት ላይ ቁጭ ብላ እስኪያነባት ሳቀች። ስቃ ስትጨርስ ግን "አልጋዬስ?" አለች።

"አዲስ አልጋ ይበይድልሻል" ብለው ፈረዱ አያ ቢተው፣ ገና ወገባቸውን እንደያዙ። "እስኪጨርስ እሱ መሬት ይተኛል።"

ከዚያማ ማን ይያዘው! ሽማግሌው ሲያስታርቁ ፈንታዬ ታረቀች፣ ፈንታዬ ስትታረቅ ቁልፉ መጣ፣ ቁልፉ ሲመጣ መጥረቢያው ተሳለ፣ መጥረቢያው ሲሳል ዋንዛው ተቆረጠ፣ ዋንዛው ሲቆረጥ ሶላሩ ፀሐይ አየ፣ ሶላሩ ፀሐይ ሲያይ ባትሪው ሞላ፣ ባትሪው ሲሞላና የተፈታው ካቴና ሲመለስ ትራክተሩ እዝዝዝ! ብሎ ተነሳ።

በሚካኤል ዋዜማ ጠዋት መንደሩ ሁሉ ማሳው ዳር ቆመ። አያ ቢተውም መጡ፤ ያን ቀን እግራቸው ደህና ነበር። የዝባለም መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ዳልቻንና ትራክተሩን ጠመደች፣ እርፉን ጨበጠች፣ እጀታውን ቀስ አድርጋ ጠመዘዘች። ዳልቻ አንዴ ደነበረ፣ ሁለት ሦስቴ ጆሮውን አወዛወዘ፣ ከዚያ መቀናጆውን ለመደው። ማረሻው አፈሩን ሰነጠቀ።

ዳር ደርሳ ስትዞር ሁሉም የፈሩን መጣመም አየ። ወዲህ ይሄዳል፣ ወዲያ ይሄዳል። አንዱ "ይሄ ፈር ነው ወይስ እባብ የሄደበት?" አለ፤ ሳቁ ተከተለ።

አያ ቢተው ወደ ማሳው ገቡ፣ በምርኩዛቸው ፈሩን ነካ ነካ አደረጉ። "ጥልቀቱስ ደህና ነው" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ግን ጠማማ ነው ልጄ።"

የዝባለም ላቧ ከእንባዋ ጋር እየወረደ፣ እጇን ከእርፉ ሳታነሳ፣ "አዎ አያ ቢተው፣ ጠማማ ነው" አለቻቸው። "ጠማማም ቢሆን የኔ ነው። አንዴ ዞር ይበሉልኝ፣ ሁለተኛውን ላውጣ።"

ዞር አሉላት።

እኔም ቀንበሬን እዚህ ላይ ልፍታ። የሷ ማሳ ታረሰ፤ የናንተን ዝናብ ያግኘው፣ የኔን የደረቀ ጉሮሮ ደግሞ አንድ ዋንጫ ጠላ።