ጎኑ ያልተከፈተው ኮምፒውተር

አንዲት የተማረች ዓይነ አፋር ሴት ነበረች። የምትተዳደረው የሠርግ ቪዲዮ በማቀናበር ነው፤ ከኮሌጅ ጀምራ ግን ከባሏ እንኳ ተደብቃ ጌም ትጫወታለች። አሮጌው ኮምፒውተሯ አልችል ሲላት፣ ተገጣጥሞ ያለቀ አዲስ ልትገዛ ወደ ስመ ጥሩው ነጋዴ ወደ አቶ ድልነሳ ሱቅ ሄደች። ጌሙን የሚያንቀሳቅሰው የግራፊክስ ካርድ ደካማ ቢሆንባት ሌላ የምትገዛበት አቅም የላትም።

«ጋሼ፣ ጎኑን ይክፈቱልኝና የግራፊክስ ካርዱን ልየው» አለች በቀስታ።

አቶ ድልነሳ ወደ ደንበኞቻቸው ዞረው ሣቁ። «እኔ የገጣጠምኩት ይከፈታል እንዴ? ተሠርቶ የቀረበ ወጥ ይበላል እንጂ አይፈተሽም! ደግሞስ ለሠርግ ቪዲዮ ይህ ሁሉ ጭንቀት ምንድን ነው? ወይስ እሜቴ፣ አንቺም እንደ ልጆቹ ጌም ትጫወቻለሽ?»

ሱቁ በሣቅ ተሞላ። ሴትዮዋ አቀረቀረች። ብትክድ ምስጢሯ ይጠበቃል፤ ኮምፒውተሩን ግን ውስጡን ሳታይ ልትወስድ ነው።

«እጫወታለሁ» አለች ቀና ብላ። «ይኸው፣ ለባሌ ያልነገርኩትን ለእርስዎ ተናዘዝኩ። አሁን ካቻቢቴውን ያምጡ። የምትወደኝ አማቴ እንኳ የሠራሁትን ዶሮ ወጥ አሥራ ሁለቱን ብልት ሳትቆጥር አልጎረሰችም፤ እርስዎን ደግሞ ጋሼ፣ ያወቅኩዎ ገና ዛሬ ነው።»