ያልተለካው እጅ

አንድ መሣሪያ ሠሪ ነበር፤ ላቀው ይባላል። አባቱ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሰው ግቢ የጽድ አጥር ሲከረክሙ የኖሩ አትክልተኛ ናቸው። ትልቁ መቀስ ጣቶቻቸውን አደንድኖ አወፍሯቸዋል። ላቀውም «አባዬን ከዚህ መቀስ ሳላላቅቀው እንቅልፍ የለኝም» ብሎ በባትሪ የሚሠራ መከርከሚያ ሊሠራ ተነሣ።

ሞተሩን ሠራ፣ ባትሪውን ገጠመ። የቀረው እጀታው ነበር። እሱን በእጅ ልክ ለማውጣት እርጥብ ጭቃ በሳህን ይዞ ባለ ግቢዎቹን ቤት ለቤት ዞረ። «ገዢዎቹ እነሱ አይደሉ እንዴ?» አለ ለራሱ።

«ቀለበቴን ላውልቅ?» አሉ አንዷ እየሳቁ።

«አያስፈልግም እትዬ፣ እንዲሁ ጨበጥ ያድርጉት።»

ከሃያ ባለ ግቢ እጅ ቀጭን፣ ለስላሳ እጀታ ወጣ። ማስነሻዋም ትንሽ ናት፤ በአንድ ጣት ጥብቅ አድርገው ካልያዟት ሞተሩ ይጠፋል። ዕቃው ገበያ ሲወጣ ሰው ተሻማው። ሱቅ ውስጥ አንዴ ጨበጥ አድርገው «ውይ ሲመች!» ይላሉ፤ ቤት ወስደው ለአትክልተኛቸው ይሰጣሉ። የአባቱ አሠሪም አንድ ገዙ።

«አባዬ፣ ተመቸህ?» አለ ላቀው የዚያን ሰሞን።

«እጅህ ይባረክ ልጄ! የት ተገኝቶ!» አሉ አባት፣ ቀኝ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ እንደከተቱ።

ስድስት ወር አለፈ። አንድ ቀን ላቀው ባትሪ ሊቀይር የአባቱ አሠሪ ግቢ ገባ። አባቱ መሰላል ላይ ናቸው፤ እጃቸውን ከእጀታው ጋር በጨርቅ ጠፍረው አስረውታል። አውርዶ ጨርቁን ሲፈታው ጣቶቹ እንደታጠፉ ቀሩ።

«ምነው አባዬ! ለምን አልነገርከኝም?»

«ሰፈሩ ሁሉ ልጅህ ጎበዝ ነው እያለኝ፣ እኔ ምን ብዬ ላፍርስብህ? እጄ ነው እንጂ ዕቃውስ ደህና ነው።»

አሠሪያቸው ከበረንዳ ሆነው «እኔም ይዤው አይቻለሁ፣ በጣም ይመቻል!» አሉ።

ላቀው ሱቁን ዘግቶ በአትክልተኞች እጅ ልክ አዲስ እጀታ አወጣ፤ ወፈር ያለ፣ ማስነሻው በመዳፍ የሚያዝ። አትክልተኞቹ መረቁት። አባቱም ሊሞክሩት እጃቸውን ዘረጉ፤ ጣቶቹ ግን አልተፈቱም። ሐኪም ቤት ቢወስዳቸው ሐኪሙ «ዘግይታችኋል» አለ። ከዚያ ወዲህ ላቀው ጠዋት ጠዋት አባቱን አጉርሶ ነው ከቤት የሚወጣው።

ወገን፣ ላቀው ክፉ ሰው አይደለም። ለአባቱ ብሎ ጀመረ፣ መሃል ላይ ግን ለሚገዛው እጅ ሲሮጥ የሚሠራበትን እጅ ረሳ። አንድ ጣሪያ ሥር እያደሩ ሳይለካው ቀረ። አባቱን የጠየቀውም በአፉ ብቻ ነው፤ ጋቢውን ገለጥ አድርጎ አላየም። የሚወደን ሰው ደግሞ ቅር እንዳይለን ብሎ ሕመሙን ይደብቀናል።

እናንተስ፣ «ተመችቶኛል» የሚላችሁን ሰው እጁን ይዛችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ?