የስንቅነሽ ሞተር የኋላ ዳዶ

ሥራ የፈታችሁ ተቀመጡ፤ ሥራ የያዛችሁም እየሠራችሁ ስሙኝ። ዝግባ በር በምትባል ከተማ ስንቅነሽ የምትባል የከብት ሐኪም ነበረች። አንድ ጠዋት ስልኳ ጮኸ። ቆላ የሚኖሩት አባ ሽብሩ ናቸው።

"ልጄ፣ ላሚቱ ምጥ ጠንቶባታል! ያለችኝ እሷ ብቻ ናት፤ ድረሽልኝ!"

"መጣሁ፣ አባባ!"

በእግር ከሄደች ሳትደርስ ይመሻል፤ በሞተር ግን ቅርብ ነው። ሞተሯ ደግሞ ጎማዋ ተንፍሶ ጋሽ ጥላዬ ጋራዥ ናት። ሮጣ ሄደች። ጎማው ተለጥፎ ቦታው ገብቷል፤ የቀረው የኋላ ጎማውን የሚያስረውን ዳዶ ማጥበቅ ነው።

"ጋሽ ጥላዬ፣ ጠበቅ ያድርጉልኝና ልሂድ።"

"በግምት አላጠብቅም፣ ልጄ። ከላላ ቁልቁለቱ ላይ ጎማው ይወጣል፤ ያለልክ ከጠበቀ ጥርሱ ይላጣል። ልኩ ሲደርስ ቀጭ ብሎ የሚናገር ቁልፍ ነበረኝ፤ ለወፍጮ ቤቷ ለዘርፌ አውሻታለሁ። ሥራሽን ሳትጨርሺ አልወስድብሽም ብያታለሁ። አንቺው ለምኛት።"

እንግዲህ ቁልፉ ካልመጣ ጋሽ ጥላዬ ዳዶውን አያጠብቁም፤ ዳዶው ካልጠበቀ ሞተሯ አትነሳም፤ ሞተሯ ካልተነሳች ላሚቱ አትገላገልም።

እትዬ ዘርፌ ቁልፉን እንደ ሕፃን ታቅፈው ደጃፍ ቆመዋል።

"እትዬ፣ ቁልፉን ለአንድ አፍታ ቢሰጡኝ?"

"የኔ እናት፣ አዲሱ የወፍጮ ድንጋይ ከአሁን አሁን ይደርሳል እያልኩ ነው። አሮጌው በግምት ታስሮ ነው የተሰነጠቀብኝ። ይኸው ሰዉ እህሉን ይዞ ተሰልፏል፤ ልጆቹ ዱቄት ይጠብቃሉ። ድንጋዩን በዓይኔ ሳላይ ቁልፉ ከእጄ አይወጣም።"

ስንቅነሽ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ሰልፈኞቹን አይታ መልሳ ዘጋችው።

እንግዲህ ድንጋዩ ካልደረሰ እትዬ ዘርፌ ቁልፉን አይሰጡም፤ ቁልፉ ካልመጣ ጋሽ ጥላዬ ዳዶውን አያጠብቁም፤ ዳዶው ካልጠበቀ ሞተሯ አትነሳም፤ ሞተሯ ካልተነሳች ላሚቱ አትገላገልም።

ድንጋዩን ፍለጋ ወደ ከተማው መግቢያ ድልድይ ወረደች። ድንጋዩን የጫነው ጋሪ ድልድዩ አፍ ላይ ቆሟል። ፈረሱ አንገቱን ደፍቷል። መንገደኛው "ግረፈው! ግረፈው!" ይላል። ባለጋሪው ከድር፣ ለከተማው እንግዳ የሆነ ጎልማሳ፣ አለንጋውን ከኋላው ደብቋል።

"አልገርፈውም! እንቢ ብሎኝ አያውቅም፤ ዛሬ እንቢ ካለ አንድ ነገር ሆኖ ነው።"

እንግዲህ ከድር ፈረሱን አይገርፍም፤ ፈረሱ ካልተራመደ ድንጋዩ አይደርስም፤ ድንጋዩ ካልደረሰ እትዬ ዘርፌ ቁልፉን አይሰጡም፤ ቁልፉ ካልመጣ ጋሽ ጥላዬ ዳዶውን አያጠብቁም፤ ዳዶው ካልጠበቀ ሞተሯ አትነሳም፤ ሞተሯ ካልተነሳች ላሚቱ አትገላገልም።

ስልኳ እንደገና ጮኸ። "ልጄ፣ እየደከመችብኝ ነው" አሉ አባ ሽብሩ። ስንቅነሽ እንባዋ መጣ። ያኔ ነው ፈረሱ የፊት እግሩን መሬት ላይ ማሳረፍ እንደፈራ ያየችው።

"እግሩን አሳይተኸዋል?"

"ለማን ላሳየው፣ እህቴ? በማላውቀው አገር ሐኪም ከየት ላምጣ?"

እንባዋ ሳይደርቅ ሳቋ አመለጣት። "ሐኪሟ አጠገብህ ቆማለች! ጭንቅላቱን ያዝልኝ።"

ሰኮናውን አንስታ ጉልበቷ ላይ አሳረፈችው። ስለታም ጠጠር ተሰንቅሯል። ከቦርሳዋ ጉጠት አውጥታ ነቀለችው፤ ቁስሉን አጥባ በጨርቅ አሰረችለት።

ጠጠሩ ሲወጣ ፈረሱ ተራመደ፤ እንዳይከብደው ከድርም መንገደኛውም እሷም ጋሪውን ከኋላ ገፉለት። ፈረሱ ሲራመድ ድንጋዩ ደረሰ፤ ድንጋዩ ሲደርስ እትዬ ዘርፌ "እስኪያወርዱት ድረስ፣ ሩጪ!" ብለው ቁልፉን ሰጡ፤ ቁልፉ ሲመጣ ጋሽ ጥላዬ ዳዶውን አጠበቁ፤ ቀጭ! ዳዶው ሲጠብቅ ሞተሯ ተነሳች። ጋሽ ጥላዬ ቁልፉን ሊመልሱ ወደ ወፍጮ ቤት፣ ስንቅነሽ ቁልቁል ወደ ቆላ።

ላሚቱ ተጋድማ ታቃስታለች። ስንቅነሽ እጇን እስከ ክንዷ አስገብታ የታጠፈውን የጥጃ እግር አቃናች፤ ከአባ ሽብሩ ጋር ሳቡ። ጥጃዋ ወጣች፤ አትተነፍስም። ስንቅነሽ አፍንጫዋን ጠርጋ በሣር አሸቻት። ጥጃዋ አነጠሰች።

አባ ሽብሩ እጃቸውን ዘርግተው መረቋት። ላሚቱ ዞራ ልጇን ትልስ ጀመር።

የእኔ ወሬ እዚህ ተቋጠረ፤ የእናንተን ፍቱልኝ።