የአንጁሎ ዓይንና የክሩ ቋጠሮ

በእኛ በሸማኔዎቹ ሰፈር፣ ሰው ሐኪም ቤት ሊሄድ ሲነሳ ከኋላው የምትወረወርለት አንዲት አባባል አለች። ወጣቶቹ ከጥንት አባቶች የወረደች ይመስላቸዋል። አይደለችም። የተነገረችበትን ቀን፣ የተነገረችበትን ደረጃ፣ የተናገሯትን ሽማግሌ አውቃለሁ። አባባሏ በተነሳች ቁጥር ሰው ይስቃል፤ እኔ ደግሞ የጫማዬን ክር የማስር መስዬ አጎነብሳለሁ። መነሻዋን የሚያውቀው የሰፈሬ ሰው ደግ ነውና ሲያወራት የእኔን ስም ይዘለዋል። ስለዚህ ራሴው ልንገራችሁ።

አንጁሎ የአክስቴ ልጅ ነው። ከጨንቻ አብረን መጥተን፣ አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ጉድጓድ ቆፍረን፣ የሽመና ዕቃችንን ተክለን ሃያ ዓመት ሠርተናል። በጥለት ሥራ እኔ እሱ ጋ አልደርስም፤ ሙሽሮች ስሙን ጠርተው የሚፈልጉት እሱን ነበር። ታዲያ አንድ ክረምት ሳል ያዘው። አልለቅ ሲለው ጤና ጣቢያ ሄደና የሳንባ ነቀርሳ ነው ተባለ። የስምንት ወር መድኃኒት ታዘዘለት፤ ያኔ ሕክምናው እንደዚያ ነበር።

ይህን የምናውቀው እሱና እኔ ብቻ ነን። ስምንት ሰው ጉልበት ለጉልበት ተጠጋግቶ በሚሠራበት ቤት «ቲቢ» የሚል ቃል ከተሰማ ዕቃህን ነቅለህ ውጣ ነው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ነጠላውን ተከናንቦ ኪኒኑን ሊውጥ ሲወጣ፣ ኪዳን ሊያደርስ ነው የሚሄደው ብዬ አስወራሁ። ሰፈሩ አመነ። አንዳንዱማ በጸሎትህ አስበኝ ይለው ጀመር፤ እሱም እሺ ይል ነበር።

መድኃኒቱን የምትሰጠው ሲስተር ዘቢደር የምትባል፣ ቀጠን ያለች፣ ስትናገር የማትቸኩል ነርስ ናት። በመጀመሪያው ቀን አንጁሎ ፈርቶ ስለነበር እኔም አብሬው ገብቼ ሰምቻታለሁ።

«ጋሼ አንጁሎ፣ ከእነዚህ ኪኒኖች አንዷ አንዳንድ ሰው ላይ ዓይን ትነካለች» አለችው። «ቀይና አረንጓዴ ከተምታታብህ፣ ወይ ነገር ከደበዘዘብህ፣ በዚያው ቀን ንገረኝ። እሷን ብቻ እናስቀርና ሌላ እንተካልሃለን። ቶሎ ከተቆመ ዓይን ይመለሳል።»

ዓይን ቀለም መለየቱን የሚያዩበት የጤና ጣቢያው መጽሐፍ ጠፍቶ ነበር። እሷ ግን ጠፋ ብላ አልተወችውም። «አንተ ሸማኔ አይደለህ? ከክርህ አምስት ቀለም ቁረጥና አምጣልኝ፤ በየወሩ በሱ አይሃለሁ» አለችው። አመጣላት። በየወሩ ክሮቹን ጠረጴዛ ላይ ታደባልቃለች፤ እሱ አንድ በአንድ እያነሳ ስማቸውን ይጠራል፤ እሷ ካርዱ ላይ ትጽፋለች።

በአራተኛው ወር አንጁሎ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ጥለት ሲሠራ፣ አረንጓዴ መግባት ያለበት ላይ ቀይ ከተተ።

«አንተ፣ ቀይ እኮ ነው ያስገባኸው» አልኩት።

«ጨለማው ነው» ብሎ ሳቀና ፈታው። በማግስቱ ደገመው። በሦስተኛው ቀን አልሳቀም። መወርወሪያውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዳና፣ ሁሉም ነገር አመድ መስሎብኛል» አለኝ።

«ለሲስተር ንገራት።»

«ብነግራት መድኃኒቱን ታቆምብኛለች። ወንድሜ መድኃኒት አቋርጦ ደም እየተፋ ሲሞት አንተ አልነበርክም?»

«እሷ እኮ አንዷን ብቻ እንተካለን ነው ያለችህ።»

«እሺ፣ ብትተካስ? ቀለም የማይለይ ሸማኔ ተብሎ አንዴ ከተወራ ማን ነው ሥራ የሚሰጠኝ? የቀረኝ አራት ወር ነው። መድኃኒቱ ሲያልቅ ይተወኛል።»

አይተውህም ብዬ እጁን ይዤ ልወስደው ይገባኝ ነበር። ግን የሙሽራዋን ልብስ የተቀበልነው ሁለታችን ነን፤ እኔ ቀሚሱን፣ እሱ ጥለቱን። እሱ ከቀረ የእኔም ሥራ ሜዳ ላይ ይቀራል። ለአንጁሎ አዝኜ ነው እያልኩ ለዓመታት ራሴን ሸንግያለሁ፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው። ዘዴውን ያመጣሁትም እኔ ነኝ።

ሸማኔ የተበጠሰ ድር ሲቀጥል የሚቋጥራት ቋጠሮ አለች። ዓይን አያያትም፣ ጣት ግን ያገኛታል። አምስት አዲስ ክር ቆረጥኩ። ቀዩ ላይ አንድ፣ አረንጓዴው ላይ ሁለት፣ ሰማያዊው ላይ ሦስት፣ ቢጫው ላይ አራት ቋጠርኩ፤ ጥቁሩን እንዲሁ ተውኩት። አንጁሎ «የድሮው ቆሽሿል፤ አዲስ አምጥቼልሻለሁ» ብሎ ሰጣት። እሷም ስላሰበላት አመሰገነችው። ከዚያ ክሩን በጣቶቹ መካከል እየሳበ «ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ» እያለ አንድም ሳይስት ጠራላት። ሸማኔ ክር ሲይዝ ቢዳብስ ማን ይጠረጥራል?

«ሌላስ? ዓይንህ ደህና ነው?» አለችው።

«እንደ ንስር ነው፣ ሲስተር።»

ከጤና ጣቢያው ስንወጣ ሁለታችንም ሳቅን። በዕድሜዬ እንደዚያ ሳቅ የሚቆጨኝ ነገር የለም።

ሦስት ወር እንዲህ አታለልናት። ሥራ ላይ ክሩን እኔ እየለየሁ አቀብለዋለሁ፤ ጤና ጣቢያ ጣቶቹ ይነግሩታል። በሰባተኛው ወር አንጁሎ በጠራራ ፀሐይ ቦይ ውስጥ ወደቀ። ትልቁ ሆስፒታል ስወስደው የዓይን ሐኪሙ መርምሮ ኪኒኗን ወዲያው አስቆመ። «መድኃኒቱ የዓይኑን ነርቭ ጎድቶታል። ምልክቱ እንደጀመረ ታውቆ ቢሆን ኖሮ ብዙው ይመለስ ነበር» አለኝ። ሳንባው ዳነ። ዓይኑ ግን ሰውን ከግድግዳ የሚለይበት ያህል ጥላ ብቻ ቀረው።

ሰው ሲጎዳ የሚከስሰው ይፈልጋል። ራሳችንን መክሰስ ከበደን፤ ስለዚህ ወደ ሲስተር ዞርን። ኪኒኑን በእጇ የሰጠችው እሷ አይደለች? ነርስ ከሆነች ሳይነገራት አታውቅም? እንዲህ እየተባባልን ሰነበትን። ውሸት ደጋግመህ ስትናገረው ባለቤቱ አንተው ታምነዋለህ። በመጨረሻ ፍርድ ቤቱ ደጅ፣ ዛፍ ሥር የሚቀመጥ አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ ጋ ሄድን።

«ይህቺ ነርስ ዓይንህን መርምራ ታውቃለች?» ብሎ ጠየቀው።

አንጁሎ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። ጸሐፊው እስክሪብቶውን እንዳነሳ ጥቂት ጠበቀው።

«እንግዲያው ‹ምንም ዓይነት የዓይን ምርመራ ሳታደርግ› ብዬ ልጻፍ?»

አንጁሎ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። እኔም በምስክርነት ስሜን አስጻፍኩ።

ክሱ ጤና ጣቢያውንም ሲስተር ዘቢደርንም ካሳ የሚጠይቅ ነበር። ጉዳዩ እስኪታይ እሷ ከሥራ ታገደች፤ ከተፈረደባት የሙያ ፈቃዷን ተነጥቃ ዳግም ነርስ እንደማትሆን ሰማን። ሰምተንም ክሱን አላነሳንም።

የቀጠሮው ቀን የዕድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ጨመረ አንጁሎን በክንዱ እየመሩ አብረውን መጡ። እኔ ምዬ ቆምኩ።

«ተከሳሿ የከሳሽን ዓይን ትመረምር ነበር?» ሲሉ ዳኛው ጠየቁኝ።

«አላየሁም» አልኩ። አላየሁም ማለት የፈሪ ውሸት ናት፤ ዳኛው ግን በእሷ አላሳለፉኝም።

«ትመረምር ነበር ወይስ አትመረምርም ነበር?»

«አትመረምርም ነበር።»

ሲስተር ዘቢደር ቀና ብላ አየችኝ። በመጀመሪያው ቀን በዚያ ክፍል አብሬ እንደነበርኩ ታውቃለች። ውሸታም ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትለኝ ይቀለኝ ነበር። ተራዋ ሲደርስ ግን እንዲህ አለች፦

«በየወሩ መርምሬዋለሁ፤ ካርዱ ላይ አለ። ግን አንድ ነገር አልደብቅም። መጽሐፉ ሲጠፋ ሌላ እስኪመጣ መጨቅጨቅ ነበረብኝ፤ በክር ይበቃል ብዬ ተውኩት። ጋሼ አንጁሎ ቀለሞቹን ሁሉ በትክክል ሲጠራልኝ ደስ ብሎኝ ነበር የምሸኘው። የቱ ጋ እንዳመለጠኝ አስቤ አስቤ አላገኘሁትም። ዓይኑን ያጣው እኔ እጅ ላይ እያለ ነው። ጥፋት ካለብኝ ይፈረድብኝ፤ እሱ ግን ይካስ።»

እፍረት ትኩሳት አለው። ከእግሬ ተነስቶ ጆሮዬ ድረስ ሲወጣ ተሰማኝ። ያታለልናት ሴት ለእኛ ቆማ ትከራከራለች! ሳይፈቀድልኝ ተነሳሁ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ዋሽቻለሁ። ትመረምረው ነበር። ክሮቹን የቋጠርኩት እኔ ነኝ።»

ዳኛው እንድቀጥል አዘዙኝ። ቀዩ አንድ፣ አረንጓዴው ሁለት እያልኩ ሁሉንም ተናገርኩ። ድምፄ ለራሴም የሌላ ሰው መሰለኝ። በሐሰት መስክረሃል ተብዬ የተቀበልኩትን ቅጣት እዚህ አላነሳውም፤ የሚገባኝ ነበር።

«እውነት ነው?» ብለው አንጁሎን ጠየቁት።

ያ ትልቅ ሰው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ፣ ችሎት ሙሉ ሰው እያየው ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

«እውነት ነው፣ ጌታዬ። ቀለሙ ሲጠፋብኝ ፈራሁ። ሰው ያውቅብኛል ብዬ ፈራሁ። አሁንስ ዓይኔን ማን ይመልስልኛል?»

መዝገቡ ተዘጋ፤ የሲስተርም እገዳ ተነሳ።

ደረጃው ላይ ከኋላ ደረሰችብን። እኔ የማደርገው ጠፍቶኝ እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዛ አስቆመችኝ። ዓይኗ ግን አንጁሎ ላይ ነበር።

«እኔን ነው የፈራኸኝ?» አለችው። «አንድ ቀን እንኳ ተቆጥቼህ አውቃለሁ?»

«አታውቂም፣ እህቴ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

አንጁሎ እንደገና አለቀሰ። እሷም ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ ወረደች።

ማመልከቻ ጸሐፊው ከዛፉ ሥር ብድግ ብሎ «ምነው፣ ምን ሆኖ ነው የሚያለቅሰው? ፈረዱበት እንዴ?» ብሎ ተጣራ። ጋሽ ጨመረ አንጁሎ ቀጣዩን ደረጃ በእግሩ ፈልጎ እስኪያገኝ ድረስ ቆመው ጠበቁት፤ ከዚያ ወደ ጸሐፊው ቀና ብለው እንዲህ አሉት፦ «ለሐኪም የዋሸ ለዳኛ ያለቅሳል።»