የትም የሚገጥም ሞተር

በአንድ ወቅት ድሬዳዋ ላይ፣ ግንቦት ሰውን እንደ ሳምቡሳ እያገላበጠ በሚጠብስበት ሰሞን፣ ጋሽ ሀምዛ የሚባሉ ሞተር ጠቅላይ ነበሩ። የተቃጠለ ሞተር ፈትተው፣ የከሰለውን የመዳብ ሽቦ አውጥተው፣ በአዲስ ጠቅልለው ነፍስ ይዘሩበታል። ድሬ «አንቱ» አታውቅም ይባላል፤ እሳቸውን ግን «አንተ» ያላቸው የለም።

ዓይናቸው ደከመ። ልጅ አልወለዱም። ያላቸው ስማቸው በሩ ላይ የተጻፈበት አንድ ሱቅና ሙያ ያስተማሯቸው ሦስት ሠራተኞች ናቸው፤ ነጂብ፣ ፍሬሕይወትና ሮብሌ። ሦስቱን ጠሯቸው።

«የዚህ ከተማ ኤሲ አንዱ ከጣሊያን፣ አንዱ ከዱባይ፣ ሌላው ከየት እንደመጣ ፈጣሪ ይወቀው። የአንዱ ሞተር ለሌላው አይሆንም። ሰዉ ሞተሩ በተቃጠለ ቁጥር ልኩ ተፈልጎ እስኪመጣ ይቀቀላል። የትም የሚገጥም ሞተር ሥሩልኝ። ከዚያ የሱቁን ቁልፍ ለአንዳችሁ እሰጣለሁ።»

«ለሦስታችንስ?» አለች ፍሬሕይወት።

«ሦስት አዛዥ የነበረበት ሱቅ አይቻለሁ። ዛሬ ጫት ይሸጥበታል።»

ነጂብ ጣሪያ ለጣሪያ ዞረ። ሌባ መስሏቸው ውሻ የለቀቁበት አሉ፤ እሱ ግን የየሞተሩን እግርና የዘንጉን ርዝመት ሳይለካ አይወርድም። በኋላ አንድ ነገር ገባው፦ ልዩነታቸው ሰው እንደሚያወራው የበዛ አይደለም። ዘንጉን ረጅም አድርጎ ሠራው፣ የበዛበት ይቁረጠው ብሎ። እግሩን ደግሞ በብረት ቀበቶ ላይ ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተት አደረገው። ጋሽ ሀምዛ ቀበቶውን በጣታቸው ዳብሰው «ይሄን እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አላሰብኩትም» አሉ።

ያም ሆኖ ገና ባዶ ቆርቆሮ ነበር። አንዱ ኤሲ ዝግ ያለ ሞተር ይፈልጋል፣ አንዱ ፈጣን፤ አንዱ ወደ ቀኝ ይዞራል፣ አንዱ ወደ ግራ። ፍሬሕይወት ጠቀለለች፤ ተቃጠለ። ፈታች፣ ደግሞ ጠቀለለች፤ ጨሰ። ጣቶቿን ሽቦው ልጧቸው፣ ወጥ ሲነካቸው እያንገበገባት በማንኪያ እስከ መብላት ደረሰች። ሰፈሩ ሳቀባት። እሷ እቴ! ሽቦ በመቀያየር ብቻ ፍጥነቱም አዟዟሩም የሚለወጥ ጥቅል ሠርታ ወጣች።

ሮብሌስ? ሮብሌ እስከዚያ ድረስ ዕቃ ያቀብላል፣ ያወራል፣ ያስቃል።

የመጀመሪያው ሞተር አንድ የማዋለጃ ክሊኒክ ላይ ተገጠመ። ተነሣ፣ የማራገቢያው ክንፍም ዞረ፣ እልል ተባለ። ክፍሉ ግን ያው ምድጃ ነው! ለካ ነጂብ ክዳኑ ላይ «ቀኝ» እና «ግራ» ብሎ የጻፈው ሞተሩን ከዘንጉ በኩል እያየ ነው፤ ፍሬሕይወት ግን ሽቦውን ያወጣችው ከጀርባው እያየች። ክንፉ በተቃራኒው እየዞረ ነበር።

«ሞተር የሚታየው ከፊቱ ነው!» አለ ነጂብ።

«ጠቅላይ ከፊት ምን ይሠራል? ሽቦው ያለው ከኋላ ነው!» አለች ፍሬሕይወት።

«አቦ፣ እናንተ ስትነታረኩ አራሷ ልትቀልጥ ነው!» ብላ አዋላጇ ጮኸችባቸው።

ሮብሌ መሰላሉን ወጥቶ ሽቦዎቹን አቀያየረ፤ ንፋሱ መጣ። ከዚያ ሁለቱንም ቃላት ፍቆ በሞተሩ ሆድ ላይ ሁለት ቀስቶች ሳለ፣ አንዱን ቀይ፣ አንዱን ሰማያዊ፣ እንደየሽቦው ቀለም። ቀስት ከፊትም አየኸው ከኋላ፣ የሚያሳይህ መንገድ አንድ ነው።

በዚያው ሰሞን መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ በዝቶ የከተማውን ሞተር አነደደው። ሰው የጋሽ ሀምዛን በር አጨናነቀ። ሦስቱ ቀን ከሌት ቢሠሩም አልደረሱም። ይሄኔ ሮብሌ ማንንም ሳያማክር አንዱን ሞተር አንሥቶ ሄደ፤ የከተማውን ጠቅላዮች ሰብስቦ ፈታላቸው፣ አሳያቸው፣ አስጠናቸው። ሙቀቱ ሳያልፍ በየሰፈሩ ያ ሞተር ተሠራ፤ ሕፃንም ሽማግሌም እፎይ ብሎ ተኛ። የጋሽ ሀምዛ ሱቅ ግን ጭር አለ። በሰፈሩ እያገኘው እዚያ ድረስ ማን ይመጣል?

«ምነው፣ ሳትጠይቀን!» አለ ነጂብ።

«ልጠይቃችሁና እምቢ ብትሉኝስ? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» አለ ሮብሌ።

«ሎሚው የማን ነበር?» አለች ፍሬሕይወት። እንባዋ መጣ። እውነቷን ነው፣ ያስለቅሳል።

ጋሽ ሀምዛ ቁልፉን ይዘው ደጃቸው ላይ ተቀመጡ። በከተማው ኮርተዋል፣ በሱቃቸው አዝነዋል፣ ሁለቱም በአንድ ፊት ላይ ይታያል። ነጂብ «እኔ ባላስበው ምን ትጠቀልል ነበር?» አለ። ፍሬሕይወት «እኔ ባልጠቀልለው የሚሽከረከር ነገር የት ነበር?» አለች። ሮብሌም አልተግደረደረም፤ ቁልፉን ፈልጎታል። «እኔ ባልኖር የሚቀዘቅዘው የስንት ሰው ቤት ነበር?» አለ።

ይሄን ባወራሁበት ሁሉ ጨዋታው በጭቅጭቅ ነው የሚያልቀው። የወለዱ ሮብሌን ይላሉ፣ ባለሙያ ፍሬሕይወትን ይላል፣ ነገር የሚያሰላስል ነጂብን አይለቅም። እኔን አትዩኝ፤ ፍርዱ የእናንተ ነው። ለሮብሌ ከሰጣችሁ፣ ነገ ሌላዋ ፍሬሕይወት ለማን ብላ ጣቷን ታስልጣለች? ከከለከላችሁትስ፣ ያ ሁሉ ሕፃን የተኛው በተሰረቀ ንፋስ ነው ልትሉ ነው? ለነጂብ ብትሰጡ፣ ማሰብ ብቻውን መቼ ቤት አቀዘቀዘ? ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተዋል፣ ሦስቱም ዓይናቸው ቁልፉ ላይ ነው። ለማን ይገባል?