ለአንበሳ «ያማል» ያለችው ሚዳቋ

አንድ ጊዜ፣ አራዊት ሁሉ መክረው ከወንዙ ማዶ፣ ከዋርካው ሥር ሐኪም ቤት ከፈቱ። ነርሷ እመት አህያ ነበረች። ለምን አህያ ትሉኝ እንደሆን፣ ሌላው ሁሉ ሲታይ አንዱ ይናከሳል፣ አንዱ ይሰርቃል፣ አንዱ ሥራ ሲበዛ ዛፍ ላይ ይወጣል። መሸከም የለመደ ወገብ የነበራት እሷ ብቻ ናት።

በሽተኛው ሲበዛባት ጊዜ «የማስተምራቸው ስጡኝ» አለች። ሦስት መጡላት፤ ቀበሮ፣ ጅብና አንዲት ትንሽ ሚዳቋ። ቀበሮ የመጣው ነርስ ሆኖ ንጉሡ እልፍኝ ለመግባት ነው። ጅብስ ለምን መጣ? በሽተኛ አይሮጥም ብሎ ነዋ! ሚዳቋ ግን እናቷ እግሯ ተሰብሮ ሳለ እመት አህያ እንዴት አድርጋ እንዳስታመመቻት አይታ፣ «እኔም እንደሷ ልሁን» ብላ ነው የመጣችው። ልቧ እንዲህ ይበል እንጂ እግሯ አልታዘዛትም። ቁስል ባየች ቁጥር አራቱም ይንቀጠቀጡባታል።

«አያ ጅቦ፣» ትላለች እመት አህያ ስታስተምር፣ «ቁስሉን እይ እንጂ ጭኔ ላይ ምን ያስፈጥጥሃል?»

«እየተማርኩ ነው እትዬ። ሥጋው ከየት እንደሚጀምር እያጠናሁ ነው።»

አንድ ቀን ጠዋት ሚዳቋ አንገቷን ደፍታ መጣች። «እትዬ፣ ያሰናብቱኝ። ይህ ሥራ ለእኔ ዓይነቷ ፈሪ አልተፈጠረም።»

እመት አህያ ፋሻ እያጠበች ነበር፤ ቀና እንኳ አላለች። «እኔ በመጀመሪያው ቀኔ ደም አይቼ ከበሽተኛው ቀድሜ ተዘረርኩ። ውሃ የረጨብኝ ማን መሰለሽ? በሽተኛው! የተሰበረ ክንዱን እንዳንጠለጠለ!»

ሚዳቋ ሳትወድ በግዷ ሳቀች።

«መንቀጥቀጡ ይለቅሻል ልጄ። ባይለቅሽም ከነመንቀጥቀጥሽ ትሠሪያለሽ። አንድ ነገር ብቻ ያዢልኝ፤ በሽተኛ እንዳትዋሺ። አንዴ ከዋሸሽው፣ ዳግመኛ ስትነኪው ቆዳው ራሱ አያምንሽም።»

ይህን ብላ ሳትጨርስ ምድሩ ተናወጠ። ዋርካው ላይ የነበሩት ወፎች ብን ብለው ጠፉ። አያ አንበሳ መጣ! አመጣጡ ግን የንጉሥ አይመስልም፤ የኋላ እግሮቹን አንፈራጦ፣ እንደ ዳክዬ እየተንገዳገደ ነው። መቀመጫው ላይ ብጉንጅ ወጥቶበት ነበር። አትሳቁ እንጂ! ንጉሥም እኮ መቀመጫ አለው።

እመት አህያ ዞር ብላ አየችና ከንፈሯን መጠጠች። «ዛሬውኑ ካልፈረጠ መግሉ ደምዎ ውስጥ ይገባል ጌታዬ፤ ያኔ አይተርፉም። የእኔ ሰኮና ለዚህ ወፍራም ነው። ከተማሪዎቼ አንዱ ይሥራው።»

ቀበሮ ከመቅጽበት ዘሎ ፊት ቆመ። «ጌታዬ፣ ምንም አያምም! ዝንብ ያረፈብዎት ያህል እንኳ አይሰማዎትም!» አለና በፈላ ውሃ የነከረውን ጨርቅ ለጠፈበት።

አንበሳ አገሳ። ቀበሮ ራሱን ያገኘው ከወዲያ ማዶ፣ ቁልቋል ላይ ነው።

«እኔ ልሞክር ጌታዬ፣» አለ ጅብ ምራቁን እየዋጠ። «ምንም መሣሪያ አያስፈልገኝም። ያበጠውን ብቻ፣ እንዲህ በጥርሴ ቀንጠስ…»

«ይህን ከፊቴ አንሱልኝ!» አለ አንበሳ። «መድኃኒቱስ የት አለ?»

ቁስሉ የሚቀባው መድኃኒት በቅቤ የተለወሰ ነበር። ሁሉም ወደ ገንቦው ዞሩ፤ ገንቦው ተልሶ ያበራል።

«ቀመስኩት፣» አለ ጅብ ጢሙን እየጠረገ። «ለበሽተኛ ይስማማ እንደሆነ ብዬ።»

አንበሳ ጥርሱን አፋጨ። «ከእንግዲህ ማንም አይነካኝም! ‹አያምም› ብሎ የሚቀርበኝን ቁርሴ አደርገዋለሁ!» ከዚያ ዓይኑ ሚዳቋ ላይ አረፈ። አምና አጎቷን የበላው እሱ ነው፤ እሷም ታውቃለች። «አንቺስ? ያማል ወይስ አያምም?»

እንግዲህ አስቡት። «አያምም» ብትል ትበላለች። «ያማል» ብትል ጥሎ ይሄዳል፤ ሄዶም ይሞታል። እግሮቿ እንደ ሸምበቆ ተርገፈገፉ።

«ያማል፣ ጌታዬ፣» አለች። «በጣም ነው የሚያመው።»

ጅብ እንኳ ጢሙን መላሱን ተወ።

«ግን ስጀምር እነግርዎታለሁ። ካቃተዎት ‹ተይ› ይበሉኝ፣ እተዋለሁ። ማግሳት ይችላሉ። መናከስ ግን አይቻልም።»

«ትንቀጠቀጫለሽ እኮ።»

«አዎ ጌታዬ፣ ስለፈራሁዎት ነው። እርስዎም ጅራትዎ እየተንቀጠቀጠ ነው።»

አንበሳ ዞሮ ጅራቱን አየ። እውነቷን ነው። ዝቅ ብሎ፣ «ለማንም እንዳትናገሪ፤ በይ ጀምሪ፣» አላት።

ሚዳቋ ብጉንጅ የሚፈረጥበትን እሾክ በፈላ ውሃ ነክራ አወጣች። «ጀመርኩ፣» አለች። አንበሳ አገሳ፤ ቅጠል ረገፈ። ሊፈርጥ ትንሽ ሲቀረው፣ «ተይ! ተይ!» ብሎ ጮኸ።

«ጨርሺው!» አለ ቀበሮ ከቁልቋሉ ላይ ሆኖ። «አንዴ ጫን ካደረግሽው አለቀ! ምን ያውቃል?»

ሚዳቋ እሾኩን አነሳች። ቃሏ ነዋ! ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብላ ቆመች። አንበሳ ጥፍሩን ዘርግቶ ሲዞር፣ የሚመታው አጣ። ትንሿ ሚዳቋ እሾኳን ዝቅ አድርጋ ትጠብቀዋለች። ጥፍሩን ወደ ውስጥ መለሰ።

«እውነትም ተውሽ፣» አለ። ከዚያ ጋማውን አነቀነቀና፣ «በይ ቀጥይ፤ አሁን ችዬዋለሁ፣» አላት።

ፈረጠ። መግሉ ወጣ። እመት አህያ አጠበችው፣ ጅብም በጥፊ ተመትቶ ሌላ መድኃኒት ሊያስለውስ ተላከ። አንበሳ ቀስ ብሎ፣ በአንድ ጎኑ ተቀመጠ። «እሰይ!» አለ፣ ዓይኖቹን ጨፍኖ። «ከዛሬ ጀምሮ የዚችን ልጅ ዘር ያደነ፣ ወዮለት!»

ቀበሮ ከቁልቋሉ እየተንፏቀቀ ወረደ። ጀርባው እንዳለ እሾህ ነው። «አንቺ፣ በምን ዓይነት ዘዴ ነው ያሞኘሽው? ለእኔም ንገሪኝ።»

«ዘዴ የለውም። ‹ያማል› አልኩት።»

«እሱማ እውነት ነው!»

«አዎ።»

ቀበሮ ጆሮውን አከከ። «ይቺ በፍጹም አልታየችኝም፣» አለ። ከዚያ እሾኩን የሚያስነቅልበት ተራ መድረሱን አይቶ ጀርባውን አዞረላት። «እኔንም ‹ተይ› ስልሽ ትተያለሽ?»

«እተዋለሁ።»

«ተይ!»

«ኧረ ገና አልነካሁህም!»

ከዚህ የምንማረው፣ እናንተ ነርስነት የምትማሩ ልጆቼ፣ በሽተኛ የሚፈልገው የማይንቀጠቀጥ እጅ ሳይሆን የማይዋሽ አፍ መሆኑንና፣ ቃሉን የጠበቀ ፈሪ ከደፋር አታላይ ይልቅ እንደሚያድን ነው።