የራህመት ትንፋሽ እና አረንጓዴዋ መብራት

ጆሮ ያለው ይቅረብ፤ ሰንሰለት ይዣለሁ። አንዱ ጫፉ ከአንዲት ልጅ ትንፋሽ አይበልጥም። ሌላውን ጫፍ ማን እንደያዘው ስንደርስ ታያላችሁ።

ልጅቱ ራህመት ትባላለች። ስድስት ዓመቷ ነው። ደሴ ውስጥ፣ ከአንድ ረጅም ዳገት ሥር፣ እኔ በማከራየው ግቢ ከእናቷ ከዘይነባ ጋር ትኖራለች። አስም አለባት። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ራህመት አንድ ነገር ፈለገች። ከረሜላ አልፈለገችም፤ አሻንጉሊትም አልፈለገችም። አንድ ትንፋሽ ፈለገች።

ዘይነባ ልጇን ደረቷ ላይ ቀና አድርጋ ደገፈቻትና መንፊያውን፣ ያቺን መድኃኒት የምትረጭ ትንሽ ዕቃ፣ አፏ ውስጥ አስገባች። ጫነችው። ሲር አለና ዝም አለ።

«አልነፋም» አለ መንፊያው። «ባዶ ነኝ። ወንድሜ መድኃኒት ቤት ተቀምጧል፤ እሱን አስመጡ።»

መድኃኒት ቤቱ ዳገቱ አናት ላይ ነው። መንገዳችን ተቆፍሮ ባጃጅ አይገባም። በፍርስራሹ መሀል ሾልኮ የሚያልፈው የይማም የባትሪ ሳይክል ብቻ ነው። ይማም የዘይነባ ጎረቤት ነው፤ በዚያ ሳይክል ለሰው ዕቃ ያደርሳል። የዘይነባን ጩኸት ሲሰማ ከክፍሉ ወጣ፤ ባትሪውን ከቻርጀሩ ነቀለ፤ ሳይክሉ ላይ ቆለፈ።

«አብሽሪ ዘይነብ፣ ባትሪው ሙሉ ነው። ሄድኩ ስልሽ መጣሁ ማለት ነው!»

ሄደ። አልመጣም። ዳገቱ እኩሌታ ላይ ሳይክሉ ድንገት ቀጥ አለ።

«አልሄድም» አለ ሳይክሉ። «ባትሪው አልሰጠኝም።»

ሳይክሉ ካልሄደ መንፊያው አይመጣም፤ መንፊያው ካልመጣ ትንፋሹ አይገባም፤ ራህመት ደግሞ አንድ ትንፋሽ ትፈልጋለች።

ዘይነባ ደወለች። የስልኩን ድምፅ ሁላችንም እንድንሰማ ከፈተችው።

«ቆመብኝ!» አለ ይማም እያለከለከ። «የባትሪው ምልክት ሦስት መስመር ሲያሳይ ነበር፤ ድንገት ጭጭ አለ። ባትሪው እንኳ ሙሉ ነው፣ አረንጓዴ አይቼ ነው የነቀልኩት። ገመድ ላልቶ ይሆናል፤ መቀመጫውን እየፈታሁ ነው። ትንሽ ታገሡኝ።»

ጋሽ እንድሪስ፣ የበር ዘበኝነቱን ትተው በጡረታ ያሉት ተከራዬ፣ በሳቅ ሊያጽናኑን ሞከሩ። «ይህ ሳይክል እንደ ባለጌ እንግዳ ነው። ጠዋት ሙሉ ሲበላ ይውልና ዳገት ሲያይ ይተኛል።»

ማንም አልሳቀም። የራህመት ትከሻ በየትንፋሹ ወደ ጆሮዋ ይወጣ ነበር።

«አልሰጥም» አለ ባትሪው። «ቻርጀሩ አላጎረሰኝም። ሜዳ ላይ ሦስት መስመር አሳይቼ እሸነግላለሁ፤ ዳገት ላይ ሽንገላ አይሠራም።»

ባትሪው ካልሰጠ ሳይክሉ አይሄድም፤ ሳይክሉ ካልሄደ መንፊያው አይመጣም፤ መንፊያው ካልመጣ ትንፋሹ አይገባም፤ ራህመት ደግሞ አንድ ትንፋሽ ትፈልጋለች።

ባትሪው ይህን ሲናገር ይማም አጠገቡ ቆሞ አልሰማውም። እኔ ዳገቱ ሥር ሆኜ ሰማሁት።

«አላጎርስም» አለ ቻርጀሩ። «ብሬከሩ ይቆጣኛል።»

«ሁለት አልሸከምም» አለ ብሬከሩ። «ካውያው ተሰክቷል።»

ብሬከሩ እውነቱን ነው። ለግቢው ሁሉ ያለን አንድ ቆጣሪ ነው። ካውያና ቻርጀር አንድ ላይ ከተሰኩ ብሬከሩ ይወርዳል፤ የሁሉም ቤት ይጨልማል። ስለዚህ ደንብ አለን። ከባድ ነገር የሚሰካ ሰው ግቢው መሀል ቆሞ «ሰካሁ!» ብሎ ይጮሃል። ሌላው ተራውን ይጠብቃል። ሲጨርስ «ነቀልኩ!» ይላል። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ይማም በዚያ ጠዋት ቻርጀሩን በረንዳው ላይ ሲሰካ «ሰካሁ!» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

«አልለቅም» አለ ካውያው። «የቬሎው እጥፋት አልተኛልኝም።»

«አልተኛም» አለ እጥፋቱ። «እጅ ይጫነኝ።»

እጥፋቱ ካልተኛ ካውያው አይለቅም፤ ካውያው ካልለቀቀ ብሬከሩ አይሸከምም፤ ብሬከሩ ካልተሸከመ ቻርጀሩ አያጎርስም፤ ቻርጀሩ ካላጎረሰ ባትሪው አይሰጥም፤ ባትሪው ካልሰጠ ሳይክሉ አይሄድም፤ ሳይክሉ ካልሄደ መንፊያው አይመጣም፤ መንፊያው ካልመጣ ትንፋሹ አይገባም፤ ራህመት ደግሞ አንድ ትንፋሽ ትፈልጋለች።

እጁ የእኔ ነበር።

የሰርግ ልብስ አከራያለሁ። ያን ቀን ለአንዲት ሙሽራ የሚሄድ ቬሎ ነበረኝ፤ መብራት ደግሞ መቼ እንደሚጠፋ አይታወቅም። ይማም ከተማ ወርዶ ሳለ ወደ በረንዳው ሄድኩና የቻርጀሩን ጫፍ ከባትሪው ላይ ግማሽ መዘዝ አድርጌ ተውኩት። ሲያዩት የተሰካ ይመስላል፤ ግን አይነካም። ቻርጀር ባትሪ ካልነካ ቀይ መብራቱ አረንጓዴ ይሆናል። ለይማም አረንጓዴ ማለት ጠግቧል ማለት ነው። የሳይክሉ መስመሮች ደግሞ ሜዳ ላይ ይሸነግሉታል። ይህን ስለማውቅ ነው ያደረግሁት፤ የመጀመሪያዬም አልነበረም። ሌላ ጊዜ ሳይክሉ ሜዳ ላይ ሲቆምበት «ባትሪው አርጅቶ ነው» እያለ ገፍቶ ይመጣ ነበር፤ እኔም «አይዞህ» እለው ነበር።

«ሌላ ሰው በእግሩ ይሂድ?» አሉ ጋሽ እንድሪስ።

«ይማም ባትሪው ሙሉ ነው ብሏል» አለች ዘይነባ። «አሁን ይነሣለታል። መንገድ ላይ ይተላለፋሉ።»

ሁሉም ሙሉ ባትሪ ይጠብቅ ነበር። ባዶ መሆኑን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

«እኔ ሥራዬን ሠርቻለሁ» አለ እጄ። «የቀረው የምላስ ነው።»

«አልናገርም» አለ ምላሴ። «አፍራለሁ።»

ምላሴ ካልተናገረ እጄ የሠራው አይታወቅም፤ እጄ የሠራው ካልታወቀ ይማም ገመዱን አይተውም፤ ገመዱን ካልተወ እግሩ ዳገቱን አይወጣም፤ እግሩ ካልወጣ መንፊያው አይመጣም፤ መንፊያው ካልመጣ ትንፋሹ አይገባም።

ከክፍሌ የሚቃጠል ነገር ሸተተን። ካውያውን ቬሎው ላይ ትቼው ነበር የወጣሁት። ማፈሬን ሳላቆም የራህመትን ከንፈር አየሁት። ሰማያዊ እየሆነ ነበር። ከእናቷ ክንድ ላይ ሆና ታየኛለች። ለማልቀስ የሚሆን አየር እንኳ አልነበራትም።

ስልኩን ከዘይነባ እጅ ወሰድኩ።

«ይማም፣ ነቀልኩ።»

«እትዬ ብዙወርቅ? ምን አልሽ?»

«ጠዋት ቻርጀሩን ነቀልኩብህ። ባትሪህ ባዶ ነው። ገመዱን ተወው፤ በእግርህ ሩጥ። ስትመለስ ቁልቁለት ነው፣ ባትሪ አያስፈልግህም።»

ከወዲያ የሰማሁት የጫማውን ኮቴ ነው። ዘይነባ ቀና ብላ አየችኝ። ጋሽ እንድሪስ «እትዬ!» ብለው ቀሩ፤ ቀልድ አልጨመሩበትም።

ምላሴ ሲፈታ የይማም እግር ተፈታ። እግሩ ዳገቱን ወጣ፤ ዳገቱ መድኃኒት ቤቱን አሳየው፤ መድኃኒት ቤቱ መንፊያውን ሰጠው፤ እግሩ ወደ ሳይክሉ መለሰው። ሲወጣ ዳገት የነበረው ሲወርድ ቁልቁለት ሆነ፤ ቁልቁለቱ ሳይክሉን ገፋ፤ ሳይክሉ ያለ አንዲት መስመር፣ ያለ ድምፅ፣ በራችን ድረስ ተንደረደረ። ይማም መንፊያውን ለዘይነባ ወረወረላት፤ ዘይነባ ጫነች። አንዴ። ሁለቴ። ሦስተኛው ላይ ራህመት አንድ ትንፋሽ አገኘች።

ከዚያ ሁለተኛ። ከዚያ ለቅሶ። እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም፤ ግን ልጠጋና ላባብላት አልደፈርኩም።

ክፍሌ ስገባ የካውያው ቅርጽ ቬሎው ደረት ላይ ጠቁሮ ታትሞ ነበር። እጥፋቱ ግን ተኝቷል።

ይማም አልሰደበኝም። ብቻ አሁን «ሰካሁ!» ካለ በኋላ የቻርጀሩን ጫፍ በአውራ ጣቱ ገፋ አድርጎ ይሞክረዋል፤ እኔ እዚያ ብኖርም ባልኖርም። ዘይነባ ሰላምታ ትሰጠኛለች፤ ቆማ ግን አታወራኝም።

ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የግቢው ልጆች ደጃፌ ይሰበሰቡና «ሰንሰለቱን ንገሪን!» ይሉኛል። እነግራቸዋለሁ። እነሱም አብረውኝ ይጮሃሉ፤ ካውያው ላይ ሲደርሱ ይስቃሉ። ራህመት ከፊት ነው የምትቀመጠው። ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ታስቆመኛለች።

«እትዬ፣ እጁ የማን ነበር?»

ታውቃለች። ግን ትጠይቃለች።

«የእኔ» እላታለሁ።

«እሺ፣ ቀጥይ» ትለኛለች።

ተረቴን መልሱልኝ አልልም፤ አፌንም በምንም አታብሱልኝ። እንዲህ እንደ መረረው ይቆይ።